«ድኗል» ከተባለ በኋላ፦ ቁንጭር በፊት ላይ ስለሚተወው ጥልቅ ጠባሳና ስለ ሕክምና አማራጮቹ የቀረበ ሂስ

በሕመምተኞቻችን ካርድ ላይ ደጋግመን ከምንጽፋቸው ቃላት አንዱ «ድኗል» የሚለው ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ የጻፈውንም ባለሙያ ያሳርፋል። ቁስሉ ተዘግቷል፣ ጥገኛ ተሕዋሲው አልታየም፣ መርፌውም አልቋልና ሕክምናው ተፈጽሟል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቁስሉ የነበረው በፊት ላይ ሲሆን የሕመምተኛው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እኛ «ድኗል» ብለን ካርዱን በዘጋንበት ቀን ነው። ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ያንን ቃልና ቃሉ ከተጻፈ በኋላ ለጥያቄው የምንሰጠውን መልስ ነው። ከተተቺዎቹም መካከል ጸሐፊው አንዱ ነው።

ነገሩን በአንድ ሕመምተኛ ልጀምር። ከአንኮበር ቁልቁል ከሚገኝ ገደላማ ቀበሌ ወደ ደብረ ብርሃን ከእናቷ ጋር የመጣች የ17 ዓመት ተማሪ ነበረች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሥር ስባ ተሸፋፍናለች። ነጠላውን ስታነሣ በግራ ጉንጯ ላይ፣ ከአፍንጫዋ ክንፍ ጀምሮ ወደ ጉንጭ አጥንቷ የሚዘልቅ፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ሰፊ ጠባሳ ታየ። የጠባሳው ጫፍ የአፍንጫዋን ክንፍ ወደ ጎን ስቦታል። በያዘችው የቀድሞ ካርድ ላይ «ቁንጭር፤ ድኗል» ተብሎ ተጽፏል። እናቲቱ ካርዱን እያዩ፣ «ዶክተር፣ መዳኑንስ ድናለች ይሉኛል፤ ፊቷን ማን ይመልስልኝ?» አሉ።

ለዚህ ጥያቄ በየተቋማችን ሁለት ዓይነት መልስ የተለመደ ነው። አንደኛው «ይህ በሽታ አይደለም፣ የውበት ጉዳይ ነው፤ ዋናው ጤናዋ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው «አዲስ አበባ ውሰዷት፤ በሌዘር ይነሣል» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጨካኝ፣ ሁለተኛው ደግሞ ደግ ይመስላል። እኔ ግን ሁለቱን አንድ ስሕተት አድርጌ እመለከታቸዋለሁ፤ ሁለቱም የሚሰጡት ጠባሳውን በጣት ሳይነኩ ነውና። ጠባሳው ከሥሩ ተጣብቋል ወይስ ተንቀሳቃሽ ነው? ቆዳው ሲለጠጥ ስርጉደቱ ይጠፋል ወይስ ይቀራል? የሚስበው አካል አለ ወይስ የለም? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ስለ አማራጭ ማውራት የሚቻል አይመስለኝም።

ከአማራጮቹ በፊት የጠባሳውን ምንጭ ማስታወስ ይገባል። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የሚገኘው የቆዳ ሌይሽማኒያሲስ፣ ሕዝቡ ቁንጭር የሚለው፣ በአብዛኛው የሚመጣው ብሬይና አሽፎርድ ከሌላ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ሌይሽማኒያ ኢትዮጲካ ብለው በሰየሙት ተሕዋሲ ነው። ተሕዋሲውን የሚያኖረው በገደልና በዋሻ የሚውለው ሽኮኮ ሲሆን ወደ ሰው የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። አንኮበር የተቀመጠችው ደጋው ተቆርጦ ወደ ቆላ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ ሽኮኮውም ዝንቢቱም ከሰው መኖሪያ አይርቁም። የደብረ ብርሃን ከተማ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ብርዳም ሜዳ ላይ ናት፤ በሽታው እምብዛም አይያዝባትም። በመሆኑም ቁስሉ የሚፈጠርበት ስፍራና ሐኪሙ የሚገኝበት ስፍራ በ40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተለያይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ዓለም አቀፍ ግምት በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 ሰዎች በቆዳ ሌይሽማኒያሲስ ይያዛሉ። ቁስሉ ከሁሉ አብልጦ የሚወጣው በፊት ላይ ነው፤ ከሕመምተኞቹም ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ናቸው።

ቁንጭር አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ይድናል፤ ግን ዓመታትን ይወስዳል። ይህ የተፈጥሮ ጠባዩ እኛን ባለሙያዎችንም አሳስቶናል ብል ማጋነን አይሆንም። «በራሱ የሚድን ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ደርሚስ የተባለው የቆዳ ክፍል እየተበላ መሄዱን አይነግረንም። ቆዳው ሲዘጋ የጠፋውን ሥጋ አይተካም፤ በቦታው የሚገባው ጠንካራና ቀጭን የጠባሳ ክር ብቻ ነው። ስለዚህ የቁንጭር ጠባሳ ከብጉር ጠባሳ ይለያል። የብጉር ጠባሳ ጠባብ ጉድጓድ ሲሆን የቁንጭር ግን ሰፊ፣ ሥሥና ብዙውን ጊዜ ቀለሙ የተዛባ ሜዳ ነው። በብጉር ጠባሳ ላይ ተሞክረው የተመሰገኑ ዘዴዎችን እንዳሉ ወደ አንኮበር ማውረድ የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚቀድመው ጥያቄ ልመለስ፤ የያዝነው በእርግጥ ጠባሳ ነውን? በመካከሉ ነጥቶ በጠርዙ ግን ቀላ ያለ፣ ትንንሽ እባጭ ያለበት፣ ሲነካም ጠጠር የሚል ከሆነ ገና ያልበረደ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከጠርዙ በምላጭ ጫፍ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ምርመራ ነው። ናሙናው ባዶ ቢሆንም ጥርጣሬ ካለ የቆዳ ነቀርሳና ሥጋ ደዌ በሐሳብ መመላለስ አለባቸው። ይህን እርምጃ ስለ መዝለል የማውቀው አንድ ነገር አለ። ስሙን በማልጠቅሰው ተቋም የአንድ ወጣት «ጠባሳ» ተቆርጦ በደንብ ተሰፋ። ከጥቂት ወራት በኋላ በስፌቱ መስመር ላይ ከግራ እስከ ቀኝ አዲስ እባጭ ወጣ፤ ተቆርጦ የነበረው ሕያው ቁንጭር ነበረና። ወጣቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ክብ ይዞ ገብቶ ስድስት ሳንቲ ሜትር መስመር ይዞ ወጣ። በዚያ ጊዜ ናሙና ይወሰድ ብዬ ለመናገር አጋጣሚው ነበረኝ፤ አልተናገርሁም።

በእርግጥ የበረደ ጠባሳ መሆኑ ከታወቀም በኋላ መቸኮል አይገባም። ጠባሳ እስኪበስል አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ቅላቱ ይቀንሳል፣ ይለሰልሳል፣ አንዳንዱም ከተጠበቀው በላይ ይሻሻላል። መጠበቅ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ እንዳልሆነ ለሕመምተኛው ማስረዳት አለብን። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚውል አዲስ ጠባሳ እንግዲህ ምን ያህል እንደሚጠቁር መገመት አያዳግትም። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለገበሬ ልጅ ውድ ነው፤ ሰፊ ባርኔጣ ግን በየገበያው አለ። ከመጠበቅ ውጪ የሚሆነው የዓይን ቆብ፣ ከንፈር ወይም የአፍንጫ ቀዳዳ የተሳበ እንደሆነ ነው። በተለይ የታችኛው የዓይን ቆብ ተገልብጦ ዓይን የማይከደን ከሆነ ኮርኒያው ይደርቃል፤ ሕመምተኛው በአንድ ዓመት ጥበቃ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ስለ ስቴሮይድ መርፌ መናገር ያስፈልጋል፤ በእጃችን ያለ መድኃኒት ስለሆነ ብቻ ሲወጋ አይቻለሁና። ትራይምሲኖሎን የሚጠቅመው ላበጠና ለጠነከረ ጠባሳ፣ ለኬሎይድም ጭምር ነው። የመድኃኒቱ ሥራ ሥጋን ማሟሸሽ ነው። በሰረጎደ ጠባሳ ውስጥ ቢወጋ ጉድጓዱን ያጠልቀዋል፤ ባልበረደ ቁንጭር ውስጥ ቢወጋ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ በስፍራው ያዳክማል። የሲሊኮን ጄልም እንዲሁ ላበጠ ጠባሳ እንጂ ለስርጉድ ጠባሳ የሚያደርገው ነገር የለም። ይህን እያወቁ ለስርጉድ ጠባሳ ማዘዝ የሕመምተኛን ገንዘብ ማባከን ነው።

ለስርጉድና ከሥሩ ለተጣበቀ ጠባሳ ሰብሲዥን የሚባለው ዘዴ ተገቢውን ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም። በሊዶኬይን ካደነዘዙ በኋላ ወፈር ያለ መርፌ ከጠባሳው ሥር በአግድም አስገብቶ ወደ ታች የሚስቡትን ክሮች መቁረጥ ነው። ጠባሳው ይለቀቃል፤ በሥሩ የሚጠራቀመው ደምና በኋላ የሚፈጠረው ኮላጅን ከፍ ያደርገዋል። ላይኛው ቆዳ ስለማይላጥ ለጥቁር ቆዳ ያለው የቀለም አደጋ አነስተኛ ነው። ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። በየጥቂት ሳምንቱ መደጋገም ሊያስፈልግ ይችላል። የሚጠይቀው የሠለጠነ እጅ ነው፤ በሰሌንና በመንጋጋ ጠርዝ የፊት ነርቭ ቅርንጫፎች ከቆዳ በታች በቅርብ ያልፋሉና በእነዚያ ስፍራዎች መርፌን በድፍረት ማንቀሳቀስ አይቻልም። ኬሎይድ የማውጣት ጠባይ ላለው ሰውም አይመከርም። ውጤቱም ከፊል ነው። በቁንጭር ጠባሳ ላይ ሥጋው ራሱ ጠፍቷልና መልቀቅ ብቻውን ጉድጓዱን አይሞላም፤ ጥልቀቱን ግን ይቀንሰዋል።

ለመሙላት ሁለት መንገድ አለ። ሐያሉሮኒክ አሲድ በመርፌ ማስገባት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ከወራት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጠጣል። በአፍንጫ ጎንና በጉንጭ መካከል ያሉት የደም ሥሮች ከዓይን የደም ሥሮች ጋር ስለሚገናኙ ወደ ደም ሥር የገባ መሙያ፣ እምብዛም ባይሆን፣ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ለገበሬ ቤተሰብ በየዓመቱ የሚታደስ ወጪ መትከል ሕክምና ነው ለማለት እቸገራለሁ። ሌላው የራስን ስብ ከሆድ ወይም ከጭን ወስዶ መትከል ነው። ከፊሉ ይመጠጣል፣ የቀረው ግን ይኖራል፤ ሰብሲዥን በተደረገለት ጠባሳ ሥር ሲገባ ከሁለቱም የተሻለ ውጤት ይገኛል።

ሌዘርን በተመለከተ የምሰጠው ትችት ሌዘሩን ሳይሆን ተስፋውን ነው። በአዲስ አበባ የግል ክሊኒኮች የሚገኘው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ቆዳን በጥቃቅን ነጥቦች እያቃጠለ አዲስ ኮላጅን ያስነሣል። ለወለል ሻካራነት ይጠቅማል። በሚሊ ሜትሮች የጠለቀን ሰፊ ጉድጓድ ግን አይሞላም። ሜላኒን በበዛበት ቆዳ ላይ ከሌዘር በኋላ ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ማጋጠሙ የታወቀ ነው። ደግሞም አንድ ጊዜ አይበቃም። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ማደሪያና ምግብ፣ ከእርሷ ጋር የሚመላለስ ሰው፤ ይህ ሁሉ ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም በጎች ይሸጣሉ። «በሌዘር ይነሣል» ብሎ የላከ ባለሙያ የበጎቹን ቁጥር ቢያስበው መልካም ነበር። በጥቃቅን መርፌዎች ቆዳን መውጋት ለቀለም ያለው አደጋ ከሌዘር ያነሰ ሲሆን ወጪውም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ለሰፊና ለጥልቅ ጠባሳ እርሱም ረዳት እንጂ ዋና አይሆንም። በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ የሚነካውን ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ግን በሰፊ የቁንጭር ጠባሳ ላይ መቀባት ሁለተኛ ቁስል መፍጠር ነው።

ቀዶ ሕክምናን ብዙ ጊዜ የመጨረሻ አማራጭ አድርገን እንጠቅሳለን። ለተሳበ አካል ግን የመጀመሪያው መሆን ይገባዋል። ጠባሳውን ቆርጦ በዜድ ቅርጽ ማዛወር የመሳቡን አቅጣጫ ይለውጣል፤ የጠፋው ቆዳ ሰፊ ከሆነ ከጆሮ ጀርባ ሙሉ ውፍረት ያለው ቆዳ ወስዶ መትከል ወይም ከአጠገቡ ካለ ጤነኛ ቆዳ ማዞር ይቻላል። ምንም የማይስብ ግን ጥልቅ የሆነ የጉንጭ ጠባሳ፣ በዙሪያው ያለው ቆዳ ልል ከሆነ፣ ተቆርጦ ወደ አንድ ቀጭን መስመር ሊለወጥ ይችላል። ክብ ጉድጓድን በመስመር መለወጥ ነው፤ ሕመምተኛው ይህን አውቆ መምረጥ አለበት። በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎና የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ክፍልና፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች የተመሠረተው አለርት፣ በዚህ ረገድ የቆየ ልምድ አላቸው። የሕመምተኛ ማስተላለፊያ ወረቀታችን ግን «ለተሻለ ሕክምና» ከማለት አልፎ የናሙናውን ውጤት፣ ቁስሉ የተዘጋበትን ወርና የተሳበውን አካል ቢገልጽ ተቀባዩ ሐኪም ከዜሮ አይጀምርም ነበር።

ይህ ሁሉ ለምን በደንብ አልተጠናም ቢባል፣ መለኪያዎቻችን ራሳቸው ተጠያቂ ናቸው። የቆዳ ሌይሽማኒያሲስ ጥናቶች መዳንን የሚተረጉሙት በአብዛኛው ቁስሉ በመዘጋቱና እባጩ በመጥፋቱ ነው፤ የቀረው ጠባሳ ጥራት ብዙ ጊዜ አይመዘገብም። «ድኗል» የሚለው የካርዳችን ቃል ከዚያው የተቀዳ ነው። የጠባሳ መለኪያዎችንም ብናይ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የቫንኩቨር የጠባሳ መመዘኛ ለቃጠሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ከፍታን የሚቆጥረው ከዜሮ ወደ ላይ ብቻ ነው። በዚያ መመዘኛ የዚህች ልጅ ጉንጭ ከፍታው ዜሮ፣ ማለትም ምንም ችግር የሌለበት ነው! ጉድጓድ የሚባል ነገር በሠንጠረዡ ላይ የለም። ለሕመምተኛው ድምፅ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የሕመምተኛና የተመልካች መመዘኛ የተሻለ ነው። ለብጉር ጠባሳ ጉድማንና ባሮን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ደረጃ ደግሞ ጠባሳው በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይታያል ወይ፣ ቆዳው ሲለጠጥስ ይጠፋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለጤና ጣቢያ እንኳ የሚመች ቀላል ጥያቄ ነውና ለቁንጭር ብንዋሰው አልቃወምም።

የቆዳ ሕመም በኑሮ ላይ ያለውን ጫና የሚለካው መጠይቅም በአማርኛ አለ፤ በደቡብ ኢትዮጵያ በፖዶኮኒዮሲስ ሕመምተኞች ላይ ተፈትሾ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ሆኖም የሚጠይቀው ስላለፈው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ገበያ መውጣት ከተወች ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ «ባለፈው ሳምንት ቆዳሽ ገበያ ከመሄድ ከልክሎሻል?» ብትባል «አልከለከለኝም» ልትል ትችላለች። አልሄደችምና።

ለጥልቅ ጠባሳ ከሁሉ የተሻለው አማራጭ ያለው ቁስሉ ገና ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳለ ነው። በዚያን ጊዜ ፈሳሽ ናይትሮጅን ወይም በቁስሉ ውስጥ የሚወጋ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ሊበቃ ይችላል፤ ዘግይቶ የተስፋፋው ግን በየቀኑ የሚወጋ የብዙ ሳምንታት መርፌ ይጠይቃል። በዚህ ላይ ግን ሐቀኛ መሆን ያስፈልገናል። ናይትሮጅን ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት ስለሚገድል በጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ ምልክት ሊተው ይችላል። ለምጽ ከሚፈራበት አገር ነጭ ምልክት ከጉድጓዱ ያነሰ ነገር አይደለም። ይህ ለእናትና ለልጅ አስቀድሞ ካልተነገረ በኋላ የሚመጣው ቅሬታ የእኛው ጥፋት ነው።

ሕመምተኞች ዘግይተው የሚመጡት ስለማያውቁ ነው ማለትም ልማዳችን ነው። አንኮበር የባህል መድኃኒት ዕውቀት ያላት ወረዳ ናት፤ ለሰው ሕመም የሚውሉ ዕፀዋቷ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ተመዝግበዋል። ሰው ቅጠሉን ይሞክራል፣ ጠበል ይጠመቃል፣ አንዳንዱም በጋለ ብረት ያስተኩሳል። መተኮስና የሚያቃጥል ቅጠል ማሰር ቁስሉን እንደሚያጠልቁ አያጠራጥርም። ነገር ግን ያችኑ ትንሽ እባጭ ይዞ ጤና ጣቢያ ቀድሞ የመጣውን ሰው «በራሱ ይድናል» ብለን የመለስነው እኛ ከሆንን፣ ባለ ብረቱን ለመውቀስ ብዙ ሥልጣን የለንም። የዚህች ልጅ እናት ቁስሉ የባቄላ ፍሬ ያህል ሳለ ወደ ጤና ተቋም ወስደዋት እንደነበር ነግረውኛል።

ልጅቷን በተመለከተ ናሙናው ባዶ ሆነ። ቁስሉ ከተዘጋ ስምንት ወር ሆኖታል። ጠባሳው ሲለጠጥ በመጠኑ ይቀንሳል፣ አይጠፋም። በአፍንጫዋ ክንፍ በኩል ተጣብቋል፤ በጉንጯ በኩል ግን በጣት ሲገፋ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ጠባሳውን እንደ አንድ ሳይሆን እንደ ሁለት ችግር ቆጠርነው። የአፍንጫው ክንፍ በቀዶ ሕክምና እንዲለቀቅ ወደ አዲስ አበባ እንድትላክ፣ ጉንጩ ግን ዓመቱ እስኪሞላ ቆይቶ ሰብሲዥንና ስብ መትከል እንዲታሰብለት ተስማማን። የተዳነ ቁንጭር ቆዳው ሲነካ ሊያገረሽ እንደሚችልም ነገርኋቸው፤ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ለወራት እንድትታይ ቀጠሮ ያዝን።

ልጅቷ እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም ነበር። ከዚያ፣ «ዶክተር፣ ምልክቱ ይቀራል አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ ይቀራል» አልኋት። «አፍንጫሽ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጉድጓዱ ይቀንሳል። ቀርቦ ያየሽ ሰው ግን ያየዋል።»

እናቲቱ አዘኑ። ልጅቷ ግን ነጠላዋን ሳትመልስ ስለ ቀዶ ሕክምናው መጠየቅ ጀመረች፤ ስንት ቀን እንደምትተኛና ፈተናዋ ከማለፉ በፊት ይሆን እንደሆነ። በካርዷ ላይ «ድኗል» ከሚለው ቃል ቀጥዬ እንዲህ ጻፍሁ፦ «የግራ ጉንጭ ስርጉድ ጠባሳ፣ 3 በ2 ሳ.ሜ.፤ የአፍንጫ ክንፍ ተስቧል፤ በ50 ሳ.ሜ. ይታያል፤ ናሙና ባዶ። ቀጠሮ ከ4 ወር በኋላ።»